የኋላ ጎማዎቿም ይታጠፋሉ

ጎንደር፣ ሐምሌ 25 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለእታለሜ፣

አሰላሙ ዓለይኪ። ዒዱ እንዴት አለፈ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ባልሽስ፣ ልጆቹስ፣ አማትሽስ ደህና ናቸው? የደምቢያ ጭቃ ዘንድሮም ከደጅ እንዳላስወጣችሁ ሰምቻለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባባን ሳሉ ለቆታል፤ ሱቁንም ራሱ መክፈት ጀምሯል።

ምነው ደብዳቤ አትይኝ። ስልክ ስደውል አማትሽ «ድምፁን ከፍ አድርጊው» ይላሉ፤ ከዚያ የምናገረውን ቤቱ በሙሉ ይሰማል። ይኼን አንቺ ብቻ እንድታነቢው ነው።

ስለ ባልሽ ወንድም ስለ አብዱልመናን የላክሽብኝን ጥያቄ አልረሳሁም፤ እመልስልሻለሁ። ግን መጀመሪያ የዒድ ቀን የሆነውን ካልነገርኩሽ እጄ ሌላ ነገር አይጽፍልኝም።

አጎታችን ከዱባይ የላካትን ቀይ የጭነት ማኪና ታስታውሻለሽ? በሪሞት የምትሄደውን፣ ሱቃችን መስኮት ላይ አቧራ ለብሳ የቀረችውን። የሞከራት ሁሉ «ትንጋደዳለች» እያለ ነበር የሚመልሳት። ወደ ግራ ስትያት አፍንጫዋን ሳታዞር ሁለመናዋ ወደ ግራ ይሸሻል።

ከሱቃችን ቀጥሎ ያለውን ክፍል ደግሞ በድሩ የሚባል ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ተከራይቶታል። የአዲ አርቃይ ልጅ ነው። አንድ ቀን ባትሪ ሊገዛ ገብቶ አያትና ገልብጦ ሆዷን ተመለከተ። ማኪናዋ ደህና እንደሆነች፣ የተቀረቀረው የሪሞቱ ቁልፍ እንደሆነ ነገረኝ። ለካ የኋላ ጎማዎቿም እንደ ፊተኞቹ ይታጠፋሉ! ለፊት አንድ፣ ለኋላ አንድ ትንሽ ሞተር አላት። ቁልፉ ሦስት ቦታ ይቆማል። አንደኛው ላይ የፊቶቹ ብቻ ይታጠፋሉ፣ እንደ ማንኛውም ማኪና። ሁለተኛው ላይ የፊቶቹ ወደ ግራ ሲሉ የኋላዎቹ ወደ ቀኝ ይላሉ፤ ያኔ ጠባብ ቦታ ላይ እንደ እንዝርት ትዞራለች። ሦስተኛው ላይ አራቱም ወደ አንድ ወገን ይታጠፉና ወደ ጎን ትሄዳለች። የእኛዋ እዚያ ላይ ነበር ተቀርቅራ የቀረችው።

ፈታው፣ ጠረገው፣ የላላ ሽቦ በየደ። ሲጨርስ ሪሞቱን እሱ ይሞክረዋል ብዬ ስጠብቅ ለእኔ ሰጠኝ።

እታለሜ፣ ረመዳኑን ሙሉ ከዐስር ሶላት በኋላ ከሱቁ ጓሮ ነበርኩ። አባባ በሩ ላይ ተቀምጦ ያያል። በድሩ ድንጋይ ይደረድርልኛል፣ እኔ በመሀሉ እነዳለሁ። ስሳሳት አይስቅም። ሳይሳሳት የነዳ የለም ብሎ ድንጋዩን እንደገና ያስተካክላል።

የዒድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ወንዶች የሪሞት ማኪኖቻቸውን ይዘው ሜዳ ወጡ። እኔም ወጣሁ። ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ውድድሩ ተራ በተራ ነው፤ በድንጋዮች መሀል ቁልቁል ወርዶ፣ ከውኃ መውረጃው አጠገብ የተተከለ እንጨት ዞሮ መመለስ። ሰዓት የሚይዝ ሰው አለ። አብዱልመናንም ዒድ ሊጠይቀን መጥቶ ስለነበር የራሱን አመጣ። የእሱ እንደ ጥይት ነው የሚሄደው። ግን እንጨቱ ጋ ሲደርስ መታጠፊያው ጠበበው፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ እያለ ስንት ጊዜ ፈጀበት። ቢሆንም ከሁሉም እሱ ቀደመ።

የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። የእኔዋ ዝግ ያለች ናት። እንጨቱ ጋ ስደርስ ቁልፉን ሁለተኛው ላይ አደረግኩና አንዴ ብቻ አዞርኳት። ክብ ብላ ዞረች! ሰዉ ጮኸ። ስመለስ ግን ጭቃው አንሸራተታትና የቀኝ ጎማዎቿ የውኃ መውረጃው ጠርዝ ላይ ቆሙ። ወደ ግራ ባዞራት ቂጧ ገደል ይገባል። ዝም ብል ጠርዙ እየተናደ ነው።

አብዱልመናን አጠገቤ ነበር። «ስጪኝ፣ እኔ ላውጣልሽ» ብሎ እጁን ዘረጋ። ለክፋት አይደለም፣ ሊረዳኝ ነው። ቀና ስል በድሩን አየሁት። ሁለቱን እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። «ታውቂበታለሽ» አለኝ።

ቁልፉን ሦስተኛው ላይ ገፋሁት። አራቱም ጎማ አንድ ላይ ታጠፈ፤ ቀስ ብላ ወደ ጎን፣ ከጠርዙ ራቀች። ከዚያ ለቀቅኳት። አንደኛ ወጣሁ እታለሜ! ሽልማቱ ቴርሞስ ነው፣ አባባ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳየዋል።

አብዱልመናን ከልቡ አጨበጨበልኝ። ሸጋ ሰው ነው፣ ይኼን ለባልሽም ንገሪልኝ። ከልቤ እንደማከብረው፣ የምትመጥነውን አላህ እንዲሰጠው ዱዓ እንደማደርግለት በይው። ቃሉን አንቺ ታሳምሪዋለሽ፤ ባልሽ እንዳይከፋው አደራ።

ማታ አባባ በድሩን ዒድ ነው ብሎ ራት ጠራው። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ሳህን አጥባለሁ። አባባ ስለ ማኪናዋ ያወራል ስል ስለ አባቱ ጠየቀው። ጤናው እንዴት ነው፣ መንገድ ይችላል ወይ፣ ጎንደር መጥቶ ያውቃል ወይ እያለ። በድሩም «ከተጠራ ይመጣል» አለ። አባባም «እንግዲያው ዝናቡ ያባራ፣ የሊማሊሞ መንገድ ይድረቅና ይምጣ፤ ብቻውንም አይምጣ» አለው።

አንዱን ሳህን ደጋግሜ ሳጥበው ነበር።

አላህ ወገብሽን ያበርታልሽ፣ ቤትሽን ሰላም ያድርግልሽ፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ለመስከረም ወደዚህ መምጣት የምትችዪ ከሆነ ከአሁኑ አማትሽን ማስፈቀድ ጀምሪ። ለምን እንደሆነ ግን አትንገሪያቸው፣ እኔም ገና ምንም አልነገርኩሽም።

የምትናፍቅሽ ታናሽ እህትሽ