ያልተቀባሁትን ሽቶ ላሸተቱት ለክቡር ሰብሳቢ

ለዓለም አቀፉ የወይን ጠጅ ቅምሻ ውድድር የዳኞች ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ዝቅ ብዬ እያቀረብኩ ለጉልበትዎ ብርታትን፣ ለዓይንዎ ብርሃንን፣ ለጆሮዎ ጥራትን፣ ለምላስዎም የተለመደውን ቅልጥፍና እመኝልዎታለሁ። ከምኞቴ ዝርዝር አንድ የአካል ክፍልዎን የዘለልኩት ረስቼ ሳይሆን አስቤበት መሆኑን ደብዳቤዬን እስከ መጨረሻው ሲያነቡ እንደሚረዱልኝ ተስፋ አለኝ።

ማን እንደጻፈልዎ ጠፍቶዎት ከሆነ፣ እኔ በውድድሩ ጓዳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠርሙስ ሳለብስ የኖርኩት ሴት ነኝ። ዳኞቹ የማንን ወይን እንደሚቀምሱ እንዳያውቁ እያንዳንዱን ጠርሙስ ከፍቼ፣ ቡሹን አሽትቼ፣ ጥቁር ከረጢት አልብሼ፣ አንገቱ ላይ ቋጥሬና ቁጥር ለጥፌ አዳራሽ አስገብቼ የምቀዳው እኔ ነበርኩ። በዚህም ዳኞቹ «እትዬ ከረጢት» ይሉኛል። እርስዎን ደግሞ «አፍንጫው» ይሉዎታል። ከሁለታችን የአንዳችን ስም ላለፉት ሁለት ውድድሮች በስህተት ሲጠራ እንደነበረ ለረጅም ጊዜ የምናውቀው እኔና እርስዎ ብቻ ነበርን፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን ይህን በጋዜጣ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል።

የማመሰግንዎትን ነገር በቁጥር አስቀምጬዋለሁ። ዳኛ ነዎትና ቁጥር ይወዳሉ።

አንደኛ፣ ምስጢርዎን ስላካፈሉኝ አመሰግንዎታለሁ። ካቻምና በውድድሩ ሁለተኛ ቀን ጠዋት ጓዳ ውስጥ ማሞቂያ ላይ የተሰጣ ፎጣ ተቃጠለ፤ ጭሱ ገና ሳይታይ ሽታው አዳራሹን ሞላው። ስድስቱ ዳኞች አፍንጫቸውን በመሃረብ ይዘው ሲነሡ እርስዎ ብቻ ተቀምጠው ብርጭቆዎን እያሽከረከሩ «ጽጌረዳ... በጣም ስስ ጽጌረዳ» ይሉ ነበር። ዳኞቹ «ወይ ትኩረት! ቤት ሲቃጠል እንኳ ከወይኑ አይነቀልም» ብለው አደነቁዎት። እኔ ግን የተቃጠለውን ፎጣ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበርና ነገሩ ገባኝ። እርስዎም እንደገባኝ አዩ።

በምሳ ሰዓት ጓዳ ገብተው በሩን ዘጉና ባዶ ሳጥን ላይ ተቀመጡ። «እትዬ፣ ከታመምኩ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ሳሙና በለው፣ ቤንዚን በለው፣ የልጅ ልጄ ጭንቅላት በለው፣ ምንም። ሚስቴ እንኳ አታውቅም። ይህን ሥራ ካጣሁ እኔ ምንድን ነኝ?» አሉኝና አለቀሱ። የሽማግሌ እንባ አልችልምና እኔም አለቀስኩ። ከዚያም እዚያው ሳጥኑ አጠገብ ቆመን ተስማማን፤ ወይኑ ደህና ከሆነ የከረጢቱ ቋጠሮ ወደ ቀኝዎ፣ የተበላሸ ከሆነ ወደ ግራዎ፣ የሚደነቅ ከሆነ ወደ ፊት ለፊትዎ እንዲዞር። ካቻምናና አምና የሰጡት ነጥብ ሁሉ ከእኔ ጓዳ የወጣ ነው። ይህን ስጽፍ የእርስዎን ጥፋት ብቻ ሳይሆን የራሴንም እየጻፍኩ መሆኔን አልዘነጋሁም።

ሁለተኛ፣ አምና ጋዜጠኛው «ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዎ ሳያስጠጉ እንኳ የተበላሸ ወይን የሚለዩት እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቅዎ «ስጦታ ነው» ብለው ስለመለሱ አመሰግንዎታለሁ። በእርግጥም ስጦታ ነበር። ሰጪዋም ዳኞቹ የቀመሱትን ወይን የሚተፉበትን ባልዲ ይዛ ከጀርባዎ ቆማ ነበር።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ቃልዎን ስለጠበቁበት መንገድ ነው። አምና አንዲት ወይን አምራች ነበረች፤ ያላት አንድ ተዳፋት መሬት ነው፣ ወይኑን የምትጠምቀውም ከባሏ ጋር በገዛ እጇ ነው። የእሷን ጠርሙስ ሳሸተው በዘጠኝ ዓመቴ እንደዚያ ያለ አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ቋጠሮውን ፊት ለፊት አዞርኩት። ወደ ጠረጴዛዎ ስደርስ አንዱ ዳኛ ወንበሩን ወደ ኋላ ሲገፋ ክንዴን መታኝና ከረጢቱ ተንሸራቶ ቋጠሮው ወደ ግራ ዞረ። እኔ ሳላስተካክለው እርስዎ «ይህ ወይን ሞቷል፤ ይውጣ» ብለው ፈረዱ። ሌሎቹም ከአፍንጫው ላለመለየት እሺ አሉ። ከሰዓት በኋላ ያቺ ሴት ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፋ ለባሏ ስልክ ደውላ «ምን አጠፋን? ኧረ እኛ ምን አጠፋን?» ስትል ሰማኋት። በአጠገቧ ብርጭቆ ተሸክሜ አለፍኩ።

ለዚህ ነው ዘንድሮ ውድድሩ በተከፈተበት ጠዋት «ክቡር ሰብሳቢ፣ ከእንግዲህ አልችልም። ራስዎ ይንገሯቸው፤ ሰው ቢታመም ነውር የለውም፣ ያከብሩዎታል እንጂ አይንቁዎትም» ያልኩዎት። እርስዎም የኮትዎን ቁልፍ እየቆለፉ «እሺ እትዬ፣ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ» አሉኝ። ምን እንደነገሯቸው ወደ ማውራቱ ልለፍ።

አራተኛ፣ ስለ ጠርሙስ ቁጥር አርባ አንድ። ነጭ ወይን ነበር። ቡሹን ስነቅለው ዓይኔን አቃጠለኝ፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ ያው አሴቶን የምንለው ነገር ነው የሚሸተው። ቋጠሮውን ግን በዚያን ቀን እንደ ሌሎቹ ሁሉ ወደ ራሴ አድርጌ አስገባሁት። ስቀዳልዎ ዓይንዎ ወይኑን ትቶ ከረጢቱን ሲዞረው አየሁ። ፈልገው አጡ። ከዚያ ዓይንዎን ጨፍነው፣ ብርጭቆውን ከፍ አድርገው «የበሰለ ኮክ! ዝናብ ያባራበት የአትክልት ቦታ! የዘንድሮው ወርቅ ይኸውላችሁ!» አሉ።

ከዳኞቹ አንዷ፣ በሙያቸው ፋርማሲስት የሆኑት፣ ብርጭቆአቸውን ራቅ አድርገው አስቀመጡና «ይቅርታ ክቡር ሰብሳቢ፣ ይሄ እኮ አሴቶን ነው የሚሸተው። መድኃኒት ቤቴ ውስጥ በየቀኑ የማሸተው ነገር ነው» አሉ። አምስቱ ዳኞች የነጥብ መስጫ ቅጻቸው ላይ አቀረቀሩ። እርስዎ ብርጭቆውን አዩ፣ ፋርማሲስቷን አዩ፣ በመጨረሻም እኔን አዩ። አሁንም ድረስ፣ እውነቱን ሊናገሩ ነው ብዬ አስቤ እንደነበረ ሳስታውስ በራሴ አፍራለሁ።

«ይቺ ሴትዮ ናት!» አሉ፣ ጣትዎን ቀስረውብኝ። «ሽቶ ተነክራ ገብታ አየሩን አበላሽታዋለች! ከገባች ጊዜ ጀምሮ እየሸተተኝ ዝም ብዬ ነው። አንቺ፣ ውጪ ከዚህ!»

ሁለት ዓመት «እርስዎ» እና «እትዬ» ስባል ከርሜ በአንድ ትንፋሽ «አንቺ» ሆንኩ። ጥበቃው ክንዴን ይዞ አወጣኝ፤ ባጄን ደጃፍ ላይ ተቀበለኝ፤ ሽርጤን እንኳ ያወለቅኩት መንገድ ላይ ነው። ከኋላዬ መስኮት ተከፍቶ፣ አየሩ «ጠርቶ»፣ ወይኑ እንደገና ተቀምሶ፣ ስድስት ለአንድ በሆነ ድምፅ ወርቅ ተሸለመ። ተቃዋሚዋ አንድ ድምፅ የማን እንደሆነች መናገር አያስፈልገኝም።

አምስተኛ፣ ስለ ሽቶው። ክቡር ሆይ፣ እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥቤያለሁ። የፀጉር ቅባት ትቻለሁ። በውድድሩ ሳምንት ቤቴ ሽንኩርት አይከተፍም፤ ባለቤቴ ሲያጉረመርም ኖሮ ለምዶታል። ዘንድሮ ውድድሩ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ዕለት፣ አንድያ ልጄን ዳርኩ። በራሷ ምርጫ የገዛችልኝን ትንሽ የሽቶ ብልቃጥ ይዛ መጥታ «እማዬ፣ ለዛሬ ብቻ፣ አንገትሽ ላይ ጠብ አድርጊልኝ» አለችኝ። «ነገ ውድድር ነው ልጄ፣ ቆዳ ላይ ያድራል» አልኳት። «ለእኔ ሠርግም?» አለችና ብልቃጡን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ሄደች። በሠርጉ ፎቶግራፍ ላይ ከእኔ ጋር በቆመችበት ሁሉ ፊቷ ወደ ሌላ ነው። በማግስቱ «ሽቶ ተቀብተሻል» ተብዬ መባረሬን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ እኔን አቅፋ እያለቀሰች አመሸች። ልጄን ያስቀየምኩት ለማን አፍንጫ ብዬ እንደነበር እስካሁን አልነገርኳትም ነበር። ዛሬ ከሌላው ሕዝብ ጋር ታነበዋለች።

ስድስተኛ፣ ስለ ሽልማቱ በዓል። ግብዣው ላይ ባልጠራም ታናሽ እህቴ በዓሉ በተደረገበት ሆቴል የካፖርት ማስቀመጫ ኃላፊ ናትና ሁሉን አይታ ነግራኛለች። ሙዚቃው ቆሞ፣ መብራቱ በርቶ፣ እርስዎ መድረክ ላይ ወጥተው ለወርቁ ወይን ጽዋ እንዲነሣ ጋበዙ። ሁለት መቶ ብርጭቆ ተነሣ፤ ሁለት መቶ ፊት ተጨማደደ። ማንም «አልጣመኝም» ለማለት አልደፈረም፤ አፍንጫው የመሰከረለት ወይን ነዋ። በየምሰሶው ሥር ያሉት አበቦች ግን በዚያች ምሽት እስኪበቃቸው ጠጡ። ሁለተኛ ብርጭቆ ያስቀዱት እርስዎ ብቻ ነበሩ።

የወይኑ ባለቤት ሽልማቱን እንደተቀበለ ካፖርቱን ሊወስድ ወደ እህቴ መጣ። ላብ አጥምቆታል። «እህቴ፣ ይሄ እኮ ለኮምጣጤ ብዬ ለይቼ ያስቀመጥኩት በርሜል ነው። ሠራተኛዬ ሳጥን ተሳስቶ ነው የላከው። ልናገር ብዬ ስነሣ ሜዳልያውን አንገቴ ላይ አጠለቁት፤ አሁን ምን ልበል?» አላት። በሳምንቱ ሜዳልያውን ከይቅርታ ደብዳቤ ጋር መልሶ ልኳል። ሰው ማለት እንዲህ ነው። እሱ የላከልዎትን ደብዳቤ ግን ከመሳቢያዎ እስካሁን አላወጡትም ይባላል።

ሰባተኛ... ሰባተኛው ምስጋና ለእርስዎ አይደለም። ፋርማሲስቷ ቤቴን አፈላልገው መጡ። በሩን ስከፍት «ሽቶ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ አጠገቤ ቆመው ነበር እኮ። ምንድን ነው የሆነው?» አሉኝ። ከተቃጠለው ፎጣ ጀምሬ እስከ ባለ ተዳፋቷ ወይን አምራች ድረስ፣ የቋጠሮውንም ነገር ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ስጨርስም «እርስዎም እኮ ጥፋተኛ ነዎት» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። ሁሉን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ለውድድሩ ቦርድ አስገባሁ።

ቦርዱ ከስድስት ሳምንት በኋላ በሁለት መስመር መለሰልኝ፦ ክቡር ሰብሳቢው «በራሳቸው ጥያቄ በክብር ጡረታ ስለሚወጡ» ጉዳዩ ተዘግቷል፤ ቅዳሜም በዚያው ሆቴል የሽኝት ግብዣ ይደረግላቸዋል።

በክብር! ክቡር ሆይ፣ አንድ ቀን እንኳ ደውለው «እትዬ፣ በድዬዎታለሁ» ብለውኝ ቢሆን ኖሮ ይህ ወረቀት አይጻፍም ነበር። በዘጠኝ ዓመቴ መጨረሻ በጥበቃ ክንድ የወጣሁት እኔ፣ እርስዎ በጭብጨባ ሲወጡ ቤቴ ቁጭ ብዬ እንድሰማ ነው የተፈለገው። ይህን ልተውልዎ አልችልም፤ መተውም አልፈልግም።

ስለዚህ ቅዳሜ ንግግር ሲያደርጉ ሁለት ነገር ብቻ እንዲናገሩ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ፦ ከአዳራሹ ያስወጧት ሴት ሽቶ እንዳልተቀባች፣ አምና «ሞቷል» ያሉትም ወይን በእርስዎ አፍንጫ ሳይሸተት እንደተገደለ። ከዘነጉት አይጨነቁ። ፋርማሲስቷ ከተጋበዙት መካከል ናቸው፤ የዚህን ደብዳቤ አንድ ቅጂ በቦርሳቸው ይዘዋል፣ ድምፃቸውም እስከ ካፖርት ማስቀመጫው ድረስ ይሰማል። የእኔ ጥፋት ሲነበብ እኔም እህቴ አጠገብ ቆሜ እሰማለሁ። አብረን የሠራነው ነውና አብረን እንፈር።

ለሰጡኝ ትምህርት ዘወትር ባለዕዳዎ ሆኜ፣ ጡረታዎ የረዘመ፣ ጎረቤትዎ የበዛ፣ ጎረቤቶችዎም ሁሉ ጋዜጣ የሚያነቡ እንዲሆኑልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ በማይሸት ሳሙና የታጠበ እጄን ለስንብት እዘረጋለሁ።

ጠርሙስ አልባሿ፣ «እትዬ ከረጢት»

ግልባጭ፦
ለውድድሩ ቦርድ
ለስድስቱ ዳኞች
ተዳፋት መሬት ላላት ወይን አምራች (ከይቅርታ ጋር)
ለቅዳሜው ግብዣ እንግዶች በሙሉ

ማስታወሻ፦ ለመጪው ዓመት ውድድር አዲስ ዳኞች እንዲያመለክቱ ማስታወቂያ ወጥቷል፤ ማንም ማመልከት ይችላል ስለሚል እኔም ቅጹን ሞልቻለሁ። የቦርዱ አባላት የፈረምኩትን የጥፋት ኑዛዜ አይተው ይጥሉት ይሆናል፤ ይጣሉት። «ስለ ችሎታዎ ሊመሰክር የሚችል ሰው» በሚለው መስመር ላይ ግን የእርስዎን ስም አስገብቻለሁ። በእኔ አፍንጫ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲተማመኑ የኖሩ ሰው ነዎትና ከእርስዎ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።