ያልሰጠሁት መድኃኒት

ሐርላን ክሪክ፣ ሚዙሪ
ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 16 ቀን 2019

ውድ ዌንደል፣

ከሰላምታዬ በፊት ይህን እወቅልኝ፤ አባትህ በሕይወት አሉ። ስልኬን ማንሳት ከተውክ ወራት ስላለፉ ነው በደብዳቤ የመጣሁብህ። የአላስካ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ከማክሰኞ ወዲህ ግን በቅጡ አልተኛሁም። ጽሕፈቴ ካስቸገረህ ለዚያ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነበርኩ። አባትህ በጎረቤት መኪና መጡ፤ ደረታቸውን ጨብጠው፣ ላብ አጥምቋቸው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ። ምላሳቸው ግን አልሰነፈም።

«አንቺ ነሽ እንዴ? ሐኪም የለም?»

«እኔ አለሁ፣ አባባ።»

«አንቺማ ግማሽ ሐኪም ነሽ! ሌላው ግማሽ መቼ ነው የሚመጣው?»

አብራኝ የነበረችው ነርስ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ይህች ቃል እንዴት እንደምታንገበግበኝ ታውቃለህ። ከነርስነት አልፌ ተምሬ፣ መርምሬ መድኃኒት እንዳዝ ፈቃድ ይዤ፣ ዛሬም ለአንዳንዱ ነገር «መጀመሪያ ሐኪም ይፍቀድ» እባላለሁ። የሆስፒታሉ ደንብ ይለወጥ ብዬ ፊርማ የማሰባስበውም እኔው ነኝ።

የልብ ምታቸውን በማሽን አነሳሁ። የልብ ደም ስር ተዘግቷል፤ ለእኔ ምንም ጥርጥር አልነበረውም። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት አጠገቤ አለ፤ እሱ ግን ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሰጥም። ተረኛዋ ሐኪም ዶክተር ኦስትባይ ፎቅ ላይ ደም የሚፈስሳት ወላድ ይዘዋል። ደወልኩላቸው።

«ሳላያቸው አልፈቅድም፤ ጠብቂኝ» አሉ።

«እየጠበቅን እኮ ልባቸው እየሞተ ነው!»

«አውቃለሁ ኮሪን። ጠብቂኝ።»

ነርሷ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄዳለች፤ ስልኩን ወርውሬ መድኃኒቱን በመርፌ ቀዳሁ። አባትህ አዩኝ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ፈቃድ።»

«ማንም አያይሽም፤ ስጪኝ። ግማሽ የምልሽ ለቀልድ ነው። እኔ አምኜሻለሁ፣ ልጄ።»

ልጄ አሉኝ፣ ዌንደል! አንተን ካገባሁ ጀምሮ ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ቃል። መርፌውን ይዤ ወደ ክንዳቸው ተጠጋሁ። ያቆመኝ ጥበብ እንዳይመስልህ፤ ፈቃዴን እነጠቃለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። «ትንሽ ይታገሡኝ» አልኩና እንባዬን እንዳያዩ ዞርኩ።

ዶክተሯ ልብሳቸው ላይ የወላዷ ደም እንዳለ እየሮጡ ገቡ። የአባትህን ሁለት እጆች አንጓቸው ላይ በአንድ ጊዜ ያዙ። የሁለቱን ትርታ አመሳከሩ።

«የግራው ትርታ የት ገባ?»

ወዲያው የሰውነትን ውስጥ ወደሚያነሳው ማሽን ወሰድናቸው። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ ግድግዳው ተሰንጥቆ ነበር። የልባቸውን ደም ስር የዘጋውም ያው ስንጥቅ ነው። ያን መድኃኒት ሰጥቻቸው ቢሆን ደማቸው እዚያው፣ እጄ ላይ ፈስሶ ባለቀ ነበር።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ዶክተሯ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚወስዳቸው ሄሊኮፕተር አስጠርተው ሲያበቁ አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

«ስሚኝ፤ ብቻዬን ተጣድፌ ቢሆን እኔም እሰጥ ነበር። ባለፈው ክረምት ያንን ገበሬ በተሳሳተ መድኃኒት ልገድለው ስል እጄን የያዝሽው አንቺ አይደለሽም?»

እውነታቸውን ነው። ግን አላጽናናኝም። የፊርማው ወረቀት ኩሽና ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ነው። ደንቡ ልክ ነው ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ ስህተት ነው ለማለትም እንደዚያው። ብቻ ያ «ልጄ» ያሉኝ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ። በዚያ ቃል ተታልዬ አባትህን ልገድልልህ ነበር።

በትልቁ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምናው ተሳክቷል። ትናንት የመተንፈሻውን ቱቦ ከጉሮሯቸው አወጡላቸው። አልጋቸው አጠገብ እኔ ነበርኩ። ድምፃቸው እንደ ሹክሹክታ ነው።

«ዌንደል መጣ?» አሉኝ።

«መንገድ ላይ ነው» አልኳቸው። ፈገግ ብለው ተኙ።

ውዴ፣ ፈጣሪ ከበረዶውና ከክፉ ሁሉ ይጠብቅህ። የሥራ ጓደኞችህንም በጤና ያቆይልህ። ለበሽተኛ ዋሽቼ አላውቅም፤ እባክህ ውሸታም አታድርገኝ።

ኮሪን