እማማ ካምላ ሳይቀምሱ የሠሩት ቦሎቄ

አርብ፣ መጋቢት 7 ቀን 2004፤ ሲልቨር ስፕሪንግ

ከሥራ እንደገባሁ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ፣ ሕንዳዊቷ እማማ ካምላ ኮል አደረጉልኝ። አምና በሁዳዴ የሰጡኝ ምስር ቅቤ እንዳለበት የሰማሁት ከበላሁት በኋላ ነበር። ሥጋ ስለማይበሉ ቅቤም የማይበሉ መስሎኝ ነው። እሳቸው ያንን አልረሱም። "ዛሬ በዘይት ነው የምሠራው፤ መጥተሽ በዓይንሽ እዪ" አሉኝ።

ከሙኑን የጋለ ዘይት ላይ ጣል አድርገው ጆሯቸውን አዘነበሉ። መንጣጣቱ ሲበርድ ዝንጅብሉን፣ ቲማቲሙንና የተቀቀለውን ቀይ ቦሎቄ አስከተሉ። ጨው በእጃቸው በተን አደረጉ። እስኪያወጡት ድረስ አንዴም አልቀመሱም። ለአምላክ ሳይቀርብ አይቀመስም አሉኝ፤ መጀመሪያ በትንሽ ሳህን ፍሪጁ ላይ ካለው ሥዕል ፊት አስቀመጡ። የእኔንም በዕቃ ሰጡኝ።

ቤት ስገባ ልጄን ሔለንን አስቀመስኳት። "ኢትስ ፐርፌክት" ብላ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ስንት ዓመት ቢሠሩ ነው እጃቸው እንዲህ ልኩን ያወቀው?

እኔም ጾሜን ሳልፈታ አልቀምስም፤ ሁልጊዜ ሔለንን እየጠራሁ ነው የማስቀምሰው። ከክፍሏ ወጥታ አጠገቤ የምትቆመውም ያኔ ነው። ዛሬ ግን በእማማ ካምላ ቀናሁና ሽሮዬን ሳልጠራት ሠርቼ ጨረስኩ። ምድጃውን አጥፍቼ ዞር ስል፣ በሩ ላይ መዳፏን ዘርግታ ቆማለች።

"ማሚ፣ ዩ ዲድንት ኮል ሚ" አለችኝ።

መዳፏ ላይ ጠብ አደረግኩላት። ላስ አድርጋ ጨዉ ልክ ነው አለች።

ነገ ግን እጠራታለሁ።