ፔትሪናን የቀበርኳት እኔ ነኝ

ኖቬምበር 3፣ ሰኞ

በታላቅ ሐዘን ይመዝገብ። ወይዘሮ ፔትሪና፣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ የመንደሩን ጉድ ሁሉ አዋቂ፣ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። መርዶውን የሰማሁት እዚሁ ሬይክያቪክ፣ ስቱዲዮ ውስጥ፣ የእሳቸውን ቀሚስ ለብሼ ሳንድዊች እየገመጥኩ ነው። ፔትሪና እኔ ነኝና። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ወንድ ነኝ፣ በየቀኑ ጢሜን እላጫለሁ።

ሦስት ዓመት ሐሙስ ሐሙስ በቴሌቪዥን አሮጊት ሆኜ አገር አሳቅኩ። አሁን ድራማው ወደ ወንጀል ታሪክ ሊለወጥ ነው። የውጭ አገር ሰዎች ከእኛ የሚገዙት ሬሳ ያለበትን ነው አሉ። የመጀመሪያዋ ሬሳ ማን ትሆናለች? ይህም ይጠየቃል?…

ሬሳዋን እንኳ እኔ አልሠራም። በረዶ ላይ አንድ ቦት ጫማ ብቻ ነው የሚታየው። ጫማውን የሚያደርገው የመብራት ሠራተኛው ነው። የእሱ እግር ይበልጥ የሞተ ይመስላል ተባለ።

ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ

ዳይሬክተራችንን ስቴይኑንን አናገርኳት። አዲሱን ፖሊስ ልሥራው አልኩ።

"ኮልቤይን፣ የኔ ውድ፣ አንተ ስትገባ ሰው ይስቃል።"

"ፊቴን ማን ያውቀውና? ሦስት ዓመት የአሮጊት የጎማ ጭምብል ውስጥ ነው የኖረው።"

"እኔ አውቀዋለሁ። እኔ እስቃለሁ።"

ቡናዋ ውስጥ የዓሣ ዘይት ጠብ ያደረግኩባትን አልረሳችም ይሆን?

ከሰዓት አባባ ከመንደራችን ከቲንጌይሪ ደወለ። "ጀልባው ላይ ሰው ጎድሎኛል። ሥራ ከሌለህ ከገና በፊት ና።" ስለ ፔትሪና አንድ ቃል የለም። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን። ያያታል? አያያትም? ጠይቄው አላውቅም። አላያትም ቢለኝስ…

ኖቬምበር 7፣ አርብ

ጠዋት መዋኛው፣ ሙቅ ውሃ ገንዳው ውስጥ። በረዶው አናታችን ላይ ይወርዳል፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ስቱርላ ይሰብካል።

"ትናንት ፔትሪናን አያችኋት? ያቺ ሴትዮ ትወና አይደለም የምትሠራው። ከአንድ ገጠር ነው ያመጧት።"

"ወንድ ነው ይላሉ" አልኩት።

"አንተ ደግሞ። ሴት አይተህ አታውቅም?"

የፔትሪና ጉልበት፣ የእኔው፣ ጉልበቱን እየነካው ነበር። አላወቃትም።

ኖቬምበር 9፣ እሑድ

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ ሁሉ ጋዜጣ ላይ ይጽፍለታል። ከሰው ጋር ሳይነጋገር የኖረው አጎቴ እንኳ ሰባት ጽሑፍ አግኝቷል። ፔትሪና ምን አጠፋች?

ጻፍኩላት። ደግነቷን፣ የሰው ደብዳቤ በእንፋሎት እየከፈተች ማንበቧን፣ ሁሉንም። "የልጅ ልጅሽ" ብዬ ፈረምኩ። ፎቶም አያያዝኩ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ድርሰት ጨርሼ አላውቅም ነበር። ይኸው ጨረስኩ።

ኖቬምበር 12፣ ረቡዕ

ወጣ። በአንድ የመርከብ ካፒቴንና በአንዲት የኦርጋን መምህርት መካከል፣ ስሟ ላይ መስቀል ተደርጎበት። ማንም አልጠረጠረም? በሳቅ ከአልጋ ወደቅኩ።

ለሃያ ደቂቃ ያህል ሳቅኩ። ከዚያ ስቴይኑን ደወለች።

"የምትሞትበት ክፍል የሚተላለፈው ገና በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ማን እንደምትሞት ላገር ነገርክ።"

"ማን እንደገደላት አልተናገርኩም።"

"ሁለተኛ የዚህን ስቱዲዮ በር እንዳትረግጥ።"

በቃ? በቃ። ቀልድ እኮ ነበር… ፖሊሱም ቀረ፣ ሁሉም ቀረ። ለአባባ ምን ልበለው? እሺ፣ የዓሣ ሣጥን ልሸከም መጣሁ?

ኖቬምበር 17፣ ሰኞ

ጋዜጣው የሌለች ሴት እንደሆነች ደርሶበት ይቅርታ ጠይቋል። ሰው ግን መጻፉን አልተወም። ዛሬ ሁለት ገጽ ሙሉ። አሥራ ዘጠኝ ሰው ለፔትሪና ጻፈላት። አንዷ "ባሌ ከሞተ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ እራት አብራኝ የምትበላው እሷ ነበረች" ትላለች። ስቱርላም አለበት፤ አውቶቡሱ ውስጥ ብትገባ የፊቱን ወንበር ያስለቅቅላት ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ጽሑፍ። ስሜ አንድም ቦታ የለም። እሷ እንዲህ ስትወደድ እኔ የት ነበርኩ? ጎማው ውስጥ፣ እያላበኝ። በአሮጊት ቀናሁ። አንድ ሰው እንኳ… አንድ?

የመጨረሻው አጭር ነው። ከቲንጌይሪ የተላከ። ከሥሩ የአባባ ስም። እንዳለ ልገልብጠው፦

"ፔትሪና ዳገት ስትወጣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ ታደርጋለች። እናቴም እንዲሁ ነበር የምትሄደው። ልጄ በሰባት ዓመቱ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለ አካሄዷን ያስመስል ነበር። ሰው ላይ አትቀልድ ብዬ እቆጣው ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ጀልባዬን ቀደም ብዬ አስራለሁ። ባልቆጣው ይሻል ነበር።"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የማሾፍበት ቦታ ፈለግኩ። አጣሁ።

ኖቬምበር 18፣ ማክሰኞ

ስቴይኑን ደወለች። ድምጿ እንቅልፍ ያጣ ሰው ድምፅ ነው። ሕዝቡ ቴሌቪዥን ጣቢያው ጋ እየደወለ "ቀብሯ መቼ ነው?" እያለ ነው። ታሪኩ ውስጥ ቀብር አልነበረም። አሁን ሊጨመር ነው።

"ለአርብ ቄስ እፈልጋለሁ። የጠየቅኳቸው ተዋናዮች ሁሉ ሌላ ሥራ ይዘዋል።"

"በሩን እንዳትረግጥ ብለሽ ነበር።"

"በጓሮ ግባ።"

"ሰው ቢስቅስ?"

"ከሳቁ አንተን ቆርጬ ኦርጋን አስገባበታለሁ።"

ኖቬምበር 21፣ አርብ

ቀረጻው አለቀ። ያለ ጎማ፣ በራሴ ፊት። ሠራተኛው ሁሉ ከካሜራው ኋላ ተደርድሮ ተንኮሌን ይጠብቃል። አንዱማ ገና ሳልጀምር አፉን በእጁ ይዟል። የጸሎት መጽሐፉን ዘቅዝቄ ልይዝ አስቤ ነበር። እጄ ላይ ነበረች ቀልዷ… ተውኳት።

አፈሩን ሣጥኑ ላይ ሦስት ጊዜ ጣልኩ። የተጻፈልኝን አልኩ። ማንም አልሳቀም። ዝምታው ሲረዝም ደነገጥኩ፤ ቃል የዘለልኩ መሰለኝ። ለካ ስቴይኑን ካሜራውን ማስቆም ረስታ ነው። ከዚያ "አንዴ ደግሞ፣ ለመጠባበቂያ" አለች፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። ብርዱ ነው አለች።

ኖቬምበር 28፣ አርብ

ትናንት ተላለፈ። ዛሬ ጠዋት አባባ ደወለ።

"ቄሱ ካባው ጠቦታል።"

"እና እንዴት ነበር?"

"ጠቦታል አልኩህ እኮ።" የጀልባው ሞተር ይሰማል። "በል፣ ለጀልባው ሌላ ሰው አግኝቻለሁ።" ዘጋው።

ስልኩን አስቀምጬ ይህን ማስታወሻ ከፈትኩ።

እንግዲህ እዚህ የሚያነብ የለም፣ እውነቱን ልጻፍ። ቄሱ የታየው አርባ ሰከንድ ነው። በመጨረሻው የስም ዝርዝር ስሜ የመጣው ከፈረስ አሠልጣኙ ቀጥሎ ነው፣ እሱም ዓይን ሳይዘው አለፈ። ሌላ ሥራ የሰጠኝ የለም። ፖሊሱን የሚሠራው ረጅሙ ልጅ ጥሩ ነው፣ ያናድዳል። አገር አልተናወጠም፣ አንድ ሐሙስ አለፈ እንጂ። ይህን ሁሉ ገጽ መፍጀቴም ሲበዛ ነው… ትንሽ ነገር ናት።