ንፋስ የፈራንላቸው ዶሮዎች

ሰኔ 20
ዝናብ። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እስክመለስ ካፖርቴ በሰበሰ። ሰርቪስ ቤት ገባሁ። የልጅ ልጄ ናዝራዊት የቢሮ ሥራዋን ትታ የምታረባቸው የሥጋ ዶሮዎች ሰጋቱራው ላይ ተኮልኩለዋል። «ሙሽሮቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?» መልስ የለም... መብላትና መተኛት ብቻ።

ከጣሪያው ሥር ባለው የሽቦ መስኮት ንፋስ ይገባል። እኔ በጋቢ እንቀጠቀጣለሁ፣ እነሱ ገና ላባቸው እንኳ አልሞላ...

«ናዝዬ፣ ይሄን በሸራ እንድፈነው። ብርድ ይመታቸዋል።»
«አባባ፣ ስልጠናው ላይ አየር ያስፈልጋቸዋል ብለውናል...»
«አሠልጣኙ ካፖርት ለብሶ ነው ያስተማረሽ?»

ሳቀች። «እሺ፣ እርስዎ ካሉ...»

ሸራውን ራሴ ቸነከርኩ። ማሞቂያው ምድጃ ላይ ከሰልም ጨመርኩ።

ሰኔ 28
ሞቋል። የኩሱ ሽታ ግን ዓይን ያቃጥላል፤ ናዝዬ ዓይኗን ትጠርጋለች። «ገና ሳይታረዱ ታለቅሺላቸዋለሽ?» አልኳት። አልሳቀችም።

ሐምሌ 6
ሰሞኑን ዶሮዎቹ መሞት ጀምረዋል፣ ዛሬም ሞቱ። የሚሞቱት ደግሞ ትልልቆቹ! አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ፣ ከዚያ በጀርባቸው... ብርድ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ከሰል ጨመርኩ።

ሐምሌ 9
ናዝዬ አንዱን የሞተ ቀደደችው። ከሆዱ ቢጫ ውሃ ፈሰሰ። ብዙ።

«ብርድ አይደለም አባባ። አገሩ ደጋ ነው፣ አየሩ ድሮም ስስ ነው። እኛ ደግሞ ዘጋንባቸው። ልባቸው አልቻለም።»
«ታውቂ ነበር?»
«አዎ።»
«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»
«እርስዎ ነዎታ ያሉት...»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መሰላሉን ያዝኩላት። ሸራውን ገነጠለችው።

ሐምሌ 27
ውቤ በረሃ ዶሮ የሚጠብሰው ኑሪ የተረፉትን ወሰደ። ፍልሰታ ከገባማ ማን ይገዛል...

«ጋሽ አጥናፉ፣ ምን አድርገዋቸው ነው እንዲህ የከሱት?»
«ያንተን መጥበሻ ሰምተው ነው!»

ተሳሳቅን። ናዝዬ ባዶውን ቤት ትጠርጋለች። የተሸጠው የመኖውን እንኳ አልሸፈነም። ቢሮው መልሶ ይቀበላት እንደሆነ ልትጠይቅ ነው። በኔ ምክንያት? በኔ ምክንያት።

መስከረም 15
ቢሮው ደጃፍ ድረስ ሄዳ ተመለሰች። «አንድ ዙር ጫጩት ብቻ ደግሜ ልሞክር አባባ።»

ጥቅምት 12
ውርጭ። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፤ የኔ አጥንት ግን ሁሉም ጮኸ።

አዲሶቹ ጫጩቶች ጋ ገባሁ። ከሥር ሙቀት አለ፣ ከላይ ንፋሱ ያልፋል። ሰጋቱራው ደረቅ ነው፣ አይሸትም። እጄ ግን አላርፍ አለ... መስኮቱን ጥግ ጥጉን ብቻ በማዳበሪያ ብሸፍነውስ?

«አባባ! አይሆንም!»

ናዝዬ በሩ ላይ ቆማለች።

«ለሽማግሌ አይሆንም ይባላል?»
«ይባላል። ይስጡኝ ማዳበሪያውን።»

በልጅነቷ እንኳ እምቢ ብላኝ አታውቅም። ሰጠኋት። ትንሽ ከፋኝ፣ አልዋሽም። ጋቢ አምጥታ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝና ወደ ጫጩቶቿ ተመለሰች። በር ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ቀልድ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር... ተውኩት።