ሳሙና የነካው ቁልፍ

ጥቅምት 12፣ ፍኖተ ሰላም

የሚካኤል ማኅበር ዛሬ እኔ ቤት ነበር። እንግዶቹን ሸኝቼ ስገባ የሚኒባሴን ቁልፍ በሩ ጀርባ ካለው ምስማር ላይ አወረድኩ። ጥርሱ መሀል ሳሙና ተሰግስጓል። አንድ ሰው ቁልፉን ሳሙና ላይ ተጭኖ ቅርጹን ወስዷል፤ በዚያ ሌላ ቁልፍ ያስቀርጻል።

ባለቤቴን «ነክተሽው ነበር?» አልኳት።

«ኧረ በሚካኤል! ከጓዳ መች ወጣሁና?»

«እንግዲያ ከማኅበርተኛው አንዱ ነው።»

«ተው እንጂ! አብሮን ጽዋ የጠጣ ሰው?» ብላ አማተበች።

ሁሉም ስመውኝ ነው የወጡ። የትኛው ይሆን ኪሱ ውስጥ ሳሙናውን ይዞ የሳመኝ?

ቁልፉን አሁን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ። ምን ይጠቅማል? መኪናዋ ግቢ ቆማለች። ሰውየው ሲመጣ ውሻችን እንኳ አይጮህበትም፤ ያውቀዋል።