ለእሱ ሜዳይ፣ ለእኔ ወባ

ኦክቶበር 4፣ 1966
ዝናብ። ጽጌረዳዎቹን ከረከምኩ። ወገቤን አመመኝ። ለእራት ከእሁድ የተረፈ የበግ ሥጋ በድንች። ባለቤቴ ዊኒ ከፖስታ ቤት ወሬ ይዛ መጥታለች።
"ወፍጮው አጠገብ ያለውን ቤት አንድ ብርጋዴር ገዛው አሉ። ያንተው ኬሴል።"
የእኔው! ከመቼ ወዲህ?
እንግሊዝ አገር ስንት መንደር አለ... የግድ እኛ መንደር አሽኮምብ መምጣት ነበረበት?

ኦክቶበር 9
ቤተ ክርስቲያን የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ አየሁት። ዛሬም ቀጥ እንዳለ ነው። ፀጉሩ እንኳ አልሳሳም። ሴቶቹ ከበውት "ብርጋዴር፣ ብርጋዴር" ሲሉ... የእኔን ሻለቃነት የሚያስታውስ ሥጋ ሻጩ ብቻ ነው፤ እሱም አጥንት ሲያበዛብኝ።

ከመኮንኖች ትምህርት ቤት አብረን ወጣን። ሕንድም በርማም አብረን። በ1944 በርማ ውስጥ ወንዙን በታችኛው መልካ እንሻገር ያልኩት እኔ ነኝ። ሐሳቡን ይዞ ወደ አዛዡ ድንኳን የሄደው እሱ። ተሻገርን፣ አሸነፍን። ለእሱ ሜዳይ፣ ለእኔ ወባ። ከዚያ ወዲያ እሱ ኮሎኔል፣ ብርጋዴር... እኔ ሻለቃ እንደሆንኩ ጡረታ ወጣሁ።
አዎ፣ እቀናለሁ። እዚህ ላይ ለማን ብዬ እዋሻለሁ?

ኦክቶበር 18
መንገድ ላይ ከኬሴል ጋር ፊት ለፊት ተገናኘን። ባርኔጣዬን አነሳሁለት። ዝም ብሎኝ አለፈ! ተራ ወታደር እንኳ ሰላምታ ሲሰጥ አጸፋ ይመለስለታል።
ለዊኒ ነገርኳት።
"ምናልባት ሳያይህ ቀርቶ ይሆናል።"
"ከሁለት ክንድ?"
"አንተ ደግሞ! ከውሻው በፊት ቂምህን ነው የምትመግበው።"

ኦክቶበር 30
ቄስ ሃልስ ለሻይ መጡ። ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ ነገሩ ገባኝ። በየኖቬምበሩ በጦርነት ለሞቱት በቆመው ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን የማስቀምጠው እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ።
"ሻለቃ፣ እንግዲህ በማዕረግ የሚበልጥ ሰው ሲኖር... ደንቡን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል።"
"ደንብ ነው" አልኳቸው። ኬኩን አልቀመስኩትም።
ያቺን አንዲት ቀን እንኳ ይውሰድብኝ?

ኖቬምበር 10
በሩ ተንኳኳ። ኬሴል። ብቻውን፣ በዝናብ።
"ትረፕ፣ አንተ ነህ?" አለኝ። ፊቱ ቆሜ! ኮቱን ሊሰቅል ግድግዳውን ሲዳብስ ገባኝ።
"ከመቼ ጀምሮ?"
"ከፋሲካ ወዲህ። ጥላ ጥላ ብቻ ነው የሚታየኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ቄሱን እምቢ ብል ለምን ይሉኛል... ሕዝቡን ከሚያግደው ገመድ እስከ ሐውልቱ አሥራ አንድ እርምጃ ነው አሉ፣ ከዚያ አንድ ደረጃ። እርምጃዬን አላምነውም፤ ከኋላዬ ሆነህ ቁጠርልኝ።"
"ሌላ ሰው አጣህ?"
"የማምነው አንተን ነው።"
እሺ አልኩ። እውነቱን ልጻፍ... ደስ አለኝ። ስላልናቀኝ አይደለም፤ ዓይኑ ስለጠፋ። ደግሞም አፈርኩ።

ኖቬምበር 13
ብርድ። መንደሩ በሙሉ ወጥቷል፤ ሁሉም ደረቱ ላይ የሙታን መታሰቢያ ቀይ የወረቀት አበባ። የኬሴል ሜዳይ ያበራል። የድሮ ባልደረባው ነኝ በሚል ከኋላው ቆምኩ። ለሙታኑ የሚደረገው የሁለት ደቂቃ ዝምታ አለቀና መራመድ ጀመረ፤ ተከተልኩት። በሹክሹክታ ቆጠርኩለት... አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ዘጠኝ፣ አሥር።
እዚያ ላይ ዝም አልኩ።
አውቄ ነው። ደረጃው ቢያደናቅፈው በመንደሩ ፊት ይደፋ ነበር። ግን እግሩ አየር ላይ ቀረ። አላወረደውም። ቃሌን እየጠበቀ ነበር።
"አሥራ አንድ። ቁም። ደረጃ።"
ወጣ። ጎንበስ ብሎ አስቀመጠው፣ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ሴቶቹ አለቀሱ። "እንዴት ያለ ወታደር ነው!" አሉ ቄሱ።

ወደ ቤቱ ስንሄድ ክንዴን ያዘ።
"አሥረኛው ላይ ዝም አልክ።"
"አዎ።"
ድልድዩ ላይ ስንደርስ ቆመ።
"ያን ቀን በርማ፣ አዛዡ 'የማን ሐሳብ ነው?' ብሎ ጠየቀኝ። ያንተ ዝምታ የአንዲት እርምጃ ነው። እኔ ዝም ካልኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ።"
ስንቱን ሌሊት ይህን ቃል ስመኝ... በሩ ጋ ስንደርስ "ሁለት ደረጃ አለ" አልኩት።
ማክሰኞ ጋዜጣ ላነብለት እሄዳለሁ።